የወታደሩ ፎቶ ስንት ያወጣል?

ቴሌግራም ላይ «የድሮ ዕቃ እንገዛለን» የሚሉ ቻናሎችን የሚከታተል ሰው ዝርዝሩን በቃሉ ያውቀዋል። ጎራዴ፣ ጋሻ፣ ኒሻን፣ ማርትሬዛ ብር፣ የክብር ዘበኛ ቀበቶ፣ የጣሊያን ኮዳ። አሁን አሁን ደግሞ ፎቶ ተጨምሮበታል። የአርበኛ ፎቶ፣ የኮሪያ ዘማች ፎቶ፣ የደርግ ወታደር ፎቶ። ዩኒፎርም የለበሰ ከሆነ ዋጋው ከፍ ይላል።

የገዢው ዓይን ወደ ሰሜን ሸዋ መዞሩ አይገርምም። ከአንኮበር እስከ መንዝ፣ ከተጉለት እስከ መርሐቤቴ ወታደር ያልወጣበት ቤት ማግኘት ይከብዳል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 አዲስ አበባ ላይ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የጦርነት ቅርስ ወሬው ሞቋል። አያቱ ያስቀመጡትን ጎራዴ ይዞ ቲክቶክ ላይ የማይወጣ የለም።

መሰብሰቡን አልጠላም። የሚሰበስብ ባይኖር ብዙው ነገር ውሃ በልቶት ይቀር ነበር። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ገበያው ዋጋ የሚሰጠው ለዩኒፎርሙና ለመሣሪያው ነው። የሰውየውን ስም፣ ከማን ቤት እንደወጣ፣ ጀርባው ላይ ምን እንደተጻፈ የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው። ፎቶው ከቤቱ ወጥቶ ሁለት ሦስት እጅ ከተሻገረ በኋላ «የጥንት ወታደር» ይባላል። በቃ። ማንም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኔ ግን እላለሁ፤ ስሙ የጠፋ ፎቶ የከሰረ ፎቶ ነው፤ በገንዘብም ቢሆን።

ሰሜን ሸዋ የእርስ በእርስ ጦርነትን ዛሬ አይደለም ያወቀው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ሲሻሩ አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር አስከትለው ወደ ሸዋ መጡ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ራስም እዚያው ወደቁ። ጥቅምት 17 ቀን ግን ሰገሌ ላይ በነፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የተመራው የሸዋ ጦር አሸነፋቸው፣ ተማረኩ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ከሁለቱም ወገን።

የዚያ ሰው ፎቶ የት አለ? የለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ያኔ ካሜራ በጥቂት ሰዎች እጅ ነበር። እንደ አርመናዊው ጴጥሮስ ቦያጂያን ያሉት ፎቶ አንሺዎች ደንበኛቸው ቤተ መንግሥትና መኳንንቱ ነበሩ። የራሶቹ መልክ ቀርቶልናል፤ ስንቅ ተሸክሞ የተከተላቸው ጭፍራ ግን መልክ የለውም። ስለዚህ አንድ ሰው የማይታወቅ ባላገር ፎቶ ይዞ «የሰገሌ ዘማች ነው» ቢላችሁ ብር ከማውጣታችሁ በፊት ጥያቄ አውጡ።

ተራው የሸዋ ልጅ በብዛት ፎቶ የተነሣው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻና በደርግ ነው። በብዛት ያለን እሱ ነው። በብዛት የጠፋብንም እሱ ነው።

በ1969 ታጠቅ ጦር ሰፈር የሠለጠነው ሚሊሺያ፣ ከ1975ቱ አዋጅ በኋላ በብሔራዊ ውትድርና ዙር በዙር የተወሰደው ወጣት፣ አስመራ ሲደርስ ፎቶ ቤት ይገባል። ፎቶዎቹ ይመሳሰላሉ። ከኋላ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ከፊት የፕላስቲክ አበባ። ወታደሩ ኮፊያውን ዘንበል አድርጎ፣ ከስክሱን ወልውሎ፣ አንድ እጁን የጓደኛው ትከሻ ላይ ጥሎ። ጥቁርና ነጭ ሆኖ ከንፈሩና ጉንጩ ብቻ በእጅ ቀለም የተቀባም አለ፤ አስቂኝ ይመስላል፣ ያኔ ግን ውድ ነበር። ስትገለብጡት ጀርባው ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ይህ ፎቶግራፍ ለማይረሳሽ እህቴ ለማስታወሻ ይሁንልኝ» ይላል። ሥሩ አስመራ፣ ዓመተ ምሕረት፣ ፊርማ። ከዚያ በደብዳቤ ውስጥ ወይም ፈቃድ በወጣ የአገር ልጅ ኪስ መንዝ ይገባል።

ለስንቱ ቤት የመጨረሻው ወሬ እሱ ሆኖ ቀረ። መጋቢት 1980 የአፋቤት ውጊያ ሆነ። የካቲት 1982 የምፅዋ ሆነ። አስከሬን አልመጣም፤ መርዶ እንኳ በወጉ ያልደረሰው አለ። በእኛ አገር ልቅሶ ላይ የሟች ልብስና ጠመንጃ ይወጣል። ልብሱም ጠመንጃውም እዚያው በረሃ ለቀረ ሰው ምን ይወጣል? ፎቶው። ደረት ላይ ታቅፈውት ሙሾ የወረደበት ፎቶ ነው አሁን «ይሸጣል ወይ?» የሚባለው።

ከዚያ ግንቦት 1983 መጣ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበተነ። ትናንት የሚኮራበት ዩኒፎርም ዛሬ የሚያሳስር፣ ባያሳስርም አንገት የሚያስደፋ ሆነ። ሰው መታወቂያውን ቀበረ፣ ልብሱን አቃጠለ፣ ፎቶውን ቀደደ። መቅደድ ያልሆነለት ማዕረጉን በምላጭ ፋቀ፤ ወይም ፊቱን ብቻ ጉርድ አድርጎ ቆረጠና ሌላውን ጣለ። ስለዚህ ዛሬ ሙሉ የሆነ፣ ጀርባው የተጻፈበት የደርግ ወታደር ፎቶ ካገኛችሁ አንድ ሰው አስቦበት ደብቆ አቆይቶታል። ሣጥን ሥር፣ ዳዊት መሃል፣ ከቅዱሳን ሥዕል ጀርባ።

አንድ የማውቀው ሰብሳቢ መሐል ሜዳ አንዲት እናት ቤት ሲገባ አብሬው ነበርኩ። ግድግዳው ላይ እንደብዙ ቤት ትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ውስጡ ጉርድ ፎቶ ታጭቋል፤ የሠርግ፣ የምረቃ፣ የክርስትና። ቀኝ ጥግ ላይ ኮፊያ ያደረገ ልጅ አለ። መስታወቱ በጢስ ደብዝዞ ዓይኑ ብቻ ነው በደንብ የሚታየው።

«እማማ፣ ይቺን ብቻ አይሰጡኝም? ጥሩ ዋጋ እከፍልዎታለሁ።»

«የቷን?»

«የወታደሩን።»

«ወታደር ምን አለኝ እኔ? ወንድሜ ነው እሱ።»

ሰብሳቢው አፈረ። ደግነቱ ቡና እየተቆላ ነበርና ተቀምጠን ቀረን። እሳቸውም ተናገሩ። ስሙን፣ በስንተኛው ዙር እንደተወሰደ፣ ከየትኛው ክፍለ ጦር ደብዳቤ እንደሚጽፍ፣ ደብዳቤው የቆመበትን ወር። ሰብሳቢው ፎቶውን በስልኩ አነሣና የተነገረውን ድምፅ ቀድቶ ወጣ። ያገኘው ነገር ሊገዛው ከመጣው ይበልጣል ባይ ነኝ። እሱ እስካሁን አልተዋጠለትም።

በዚህ ነገር አሜሪካኖች ከእኛ በፊት ተቃጥለዋል። የእርስ በእርስ ጦርነታቸው (ከ1861 እስከ 1865 በፈረንጆቹ) ፎቶ ከረከሰበት ዘመን ጋር ገጠመ። በስስ የብረት ሰሌዳ ወይም በመስታወት ላይ የሚነሣ ትንሽ ፎቶ ነበራቸው፤ የገበሬ ልጅ ሁሉ ሳይዘምት በፊት ይነሣና ለእናቱ ወይም ለሚስቱ ይሰጣታል። በተለምዶ በሚጠቀሰው ቁጥር 620 ሺህ ያህል ወታደር በውጊያም በበሽታም ሞተ። ፎቶዎቹ ቀሩ። ቤተሰብ አለፈ፣ ንብረት በጨረታ ተሸጠ፣ ፎቶዎቹ ከእጅ ወደ እጅ ዞሩ። ዛሬ ሰፊ ገበያ ነው።

እዚያ ግን ገበያው ራሱ ስም ያለው ፎቶ ይበልጥ እንደሚያወጣ ተምሯል። ማቀፊያው ላይ ስምና ክፍለ ጦር የተጻፈበት ፎቶ፣ ስም ከሌለው በእጅጉ ይወደዳል። ሊልጀንኲስት የተባለ ቤተሰብ ሲሰበስብ የኖረውን ወደ 700 የሚጠጋ ፎቶ በ2010 በፈረንጆቹ ለኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። የጄኔራል ፎቶ አይደለም የሰበሰቡት፣ የተራ ወታደር ነው። የሰሜኑም የደቡቡም አለበት። አብዛኛው ግን ስሙ አይታወቅም። አንደኛው ላይ የሰሜኑን ጦር ልብስ የለበሰ ጥቁር ወታደር ከሚስቱና ከሁለት ሴት ልጆቹ ጋር ተቀምጧል፤ ዓለም ሁሉ ያወቀው ፎቶ ነው። የሰውየው ማንነት ግን ለዓመታት ሳይታወቅ ቆይቶ ነው ስም የተገኘለት። ያ ሁሉ መዝገብ፣ ያ ሁሉ ተመራማሪ እያለ። እኛ የተሟላ የወታደር መዝገብ በሌለበት አገር ስሙን አስጥለን ፎቶውን ገዝተን በኋላ እናጣራለን ማለታችን ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

እርግጥ ፎቶው ራሱ የሚናገረው አለ፤ ለሚያይ ሰው። ጠመንጃውን እዩ። በጃንሆይ ዘመን ሠራዊታችንን የሚያስታጥቀው በዋናነት አሜሪካ ነበር፤ ኤም ዋን፣ በኋላም ኤም 14። የሶቪየት መሣሪያ በገፍ የገባው ከ1969 እና 1970 ወዲህ ነው። ስለዚህ የእኛ መደበኛ ወታደር ክላሽ ታቅፎ «የ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ» ከተባላችሁ ሻጩን አመስግናችሁ ውጡ። የኮፊያውን ምልክት እዩ። አንበሳው ዘውድ ከደፋ የንጉሡ ጊዜ ነው፤ ዘውዱ ከወለቀ ደርግ ነው። የአርበኛ ሜዳሊያ ከሆነ ጥብጣቡ ላይ ዘንባባውን ቁጠሩ፤ ስንት ዓመት በዱር እንደተዋጉ የሚያሳየው እሱ ነው። ባለ አምስት ዘንባባ ማለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ማለት ነው። ጀርባው ላይ ደግሞ የፎቶ ቤቱ ማኅተም፣ የወረቀቱ ስም (ኮዳክ፣ አግፋ) አለ። አልበም ላይ በሙጫ የለጠፈ ሰው ይህን ሁሉ ቀበረው።

አዲሱ ችግር ደግሞ «ማደስ» የሚሉት ነው። የደበዘዘ ፎቶ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ይሰጥና በደቂቃ ጥርት ብሎ፣ ቀለም ለብሶ ይወጣል። ያምራል። ግን ማሽኑ ያላየውን ነው የሚፈጥረው። ያልነበረ ቅንድብ ይጨምራል፣ ኒሻኑን ወደ ሌላ ኒሻን ይለውጣል፣ የጎፈሬውን ቅርጽ ያስተካክላል። የአያትን ፎቶ ሰጥቶ የማያውቁትን ሰው ተቀብሎ ግድግዳ ላይ መስቀል መጣ። ዋናውን ሳይጥል ለጌጥ ያሠራ ሰው ጉዳት የለውም። ኦንላይን ላይ የሚዞረው ግን የታደሰው ብቻ ነው፣ ዋናውን የሚያሳይ የለም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። አንዳንዱ ዕቃ ይገድላል።

በ2008 በፈረንጆቹ ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሰብሳቢ ከዚያው የእርስ በእርስ ጦርነት የቀረ የመድፍ ጥይት እያጸዳ ሳለ ፈንድቶ ገደለው። ከተተኮሰ 140 ዓመት አልፎታል። የእኛው ገና ትናንት ነው። በኅዳር 2014 የትግራይ ኃይሎች ሸዋ ሮቢትን ይዘው እስከ ደብረ ሲና አካባቢ ደርሰው ነበር፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው የተመለሱት። በዚያ መስመር ያለ ገበሬ ሲያርስ የሚያወጣውን ብረት ሁሉ ቀለህ ነው ብሎ ማንሣት ትልቅ ድፍረት ነው። በአማራ፣ በአፋርና በትግራይ ጦርነቱ ባለፈባቸው ቦታዎች ያልፈነዳ ተተኳሽ ሲነካኩ የሞቱና አካላቸው የጎደለ ሕፃናት አሉ። «ቆራሌው!» የሚለው ልጅ ናስ በኪሎ ስለሚገዛ ሕፃናቱ ይለቅማሉ። እዚህ ላይ ሰብሳቢው ጥፋት አለበት። ዋጋ የሰጠው ነገር ይፈለጋልና። ሞርታር፣ የእጅ ቦምብ፣ ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ለሚያመጣ ልጅ ብር መስጠት ነገ ሌላ እንዲያመጣ መላክ ነው። አይነካም፤ ምልክት ይደረግና ለፖሊስ ይነገራል።

ጠመንጃስ? ውጅግራውና ምንሽሩ አሁንም በየቤቱ አለ። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሣሪያ ለመያዝም ለማስተላለፍም ፈቃድ ይጠይቃል፤ «አሮጌ ነው፣ አይተኩስም» የሚለው ወሬ ኬላ ላይ አያድንም። ቅርስን በሚመለከት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ሰው በቤቱ ያለውን ቅርስ በባለቤትነት መያዝ ይችላል፤ መጠበቅም ግዴታው ነው። ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን ክልክል ነው፤ ያለ ፈቃድ መቆፈርም እንደዚያው። በአጋጣሚ የተገኘውን ማስታወቅ ያስፈልጋል። ይህን የሚያውቅ ሻጭም ገዢም ጥቂት ነው፤ የሚያውቀውም ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል።

መንዝ ውስጥ ዘረት የሚባል ዋሻ አለ። በሚያዝያ 1931 ጣሊያኖች የራስ አበበ አረጋይን ተከታዮች፣ ቁስለኛውን፣ ሴቱን፣ ሕፃኑን ከነነፍሱ በመርዝ ጋዝና በጥይት የፈጁበት ነው። ከ65 ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ ገብቶ ሲያየው አፅሙም የቤት ዕቃውም እዚያው ነበር። እንዲህ ዓይነት ቦታ ገብቶ «ማስታወሻ» አንሥቶ መውጣት ምን ሊባል ነው? አንድ ቀበቶ ማሠሪያ ከዚያ ወጥቶ ገበያ ላይ ሲውል አሮጌ ብረት ነው። እዚያው ካለበት ሲታይ ግን ማን ከማን አጠገብ እንደሞተ የሚናገር ማስረጃ ነው።

እንግዲህ ቤቱ ፎቶ ያለው ሰው ምን ያድርግ? ብዙ ወጪ የለውም። ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ አታላቅቁ፤ ቆዳው ይላጣል፣ እንዳለ በመስታወቱ ላይ በስልክ አንሡት። ፍላሽ አጥፉ፣ መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ከፊትም ከጀርባም አንሡ። ላሚኔት አታስደርጉ። ፎቶ ቤቶች ይወዱታል፤ ፎቶውን ግን መቼም ከማይወጣበት ፕላስቲክ ውስጥ ነው የሚከተው። ጀርባው ባዶ ከሆነ በለስላሳ እርሳስ ጻፉበት። ስም ከነአባት፣ የትውልድ ቀበሌ፣ ክፍለ ጦር፣ ዓመተ ምሕረት፣ ማን እንደነገራችሁ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባል የለ? ኮፒውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩ። ይህ የመጨረሻው ምክር ቀልድ አይደለም። አጣዬ በሚያዝያ 2013 ስትቃጠል ከቤቱ ጋር አልበሙም ነው የነደደው። በኋላ የእናቱን ወይም የወንድሙን መልክ ማግኘት የቻለው ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ስልክ ውስጥ ኮፒ የነበረው ነው።

ለመሥሪያ ቤትስ ይሰጥ? የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አለ፣ ቤተ መዛግብት አለ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አለ። ስጡ ከማለቴ በፊት ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ደረሰኝ ይሰጣሉ? ዋናውን ወስደው ኮፒ ለቤተሰብ ይተዋሉ? እኔ ዋናው ቤቱ ይቅር፣ ኮፒውና ታሪኩ ይሂድ ባይ ነኝ። መስቀል አደባባይ ያለው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ውስጥ ግድግዳውን የሞላው የሟቾቹ ፎቶ ነው፤ የሚነካው ግን ከሥሩ ያለው ስም ነው። ለሰሜን ሸዋ ዘማቾች እንዲህ ያለ ክፍል የለም፤ ለመሥራት ጎራዴ አያስፈልግም።

የቅርቡ ጦርነት ፎቶ ግን ሌላ ጣጣ አለው። በ2013 እና 2014 የዘመተው ልጅ ፎቶ ቤት አልገባም። ያለው በስልክ ነው፤ ፌስቡክ ላይ፣ ቴሌግራም ላይ። ስልኩ ጠፋ፣ አካውንቱ ተዘጋ፣ ፎቶው ሄደ። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ዓመት ሳይሞላው አማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ፣ አሁንም ሙሉ ሰላም አልመጣም። ማንኛውንም ዓይነት ዩኒፎርም የለበሰ ወንድም ፎቶ በስልክ ይዞ ኬላ ማለፍ ያስፈራል። ስለዚህ ሰው ያጠፋዋል። እናት ታስጠፋዋለች።

ለዚህ ጊዜ ሰብሳቢ ነኝ የሚል ሰው ሥራው መለጠፍ አይደለም። የሟቹ ቤተሰብ ከፈቀደ ፎቶው ይታተም፣ ጀርባው ይጻፍበት፣ ታሽጎ ይቀመጥ። የዚህኛውም የዚያኛውም ወገን። ለማን እንደሚታይና መቼ እንደሚወጣ የሚወስነው ቤተሰቡ ነው፤ እስከዚያው ቻናል ላይ አይውጣ፣ ዋጋም አይጠየቅበት።